ግራ ክንዴና የስቅለት ስግደት

ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው ፊቴን መታጠብ አይደለም። ጓንት ማጥለቅ ነው። ያ ሰሃን የሚታጠብበት ቢጫ የላስቲክ ጓንት። እሱን ካላጠለቅኩ ስሊቡ አልለበስ ይለኛል። ስሊቡ የሚያብጠውን ግራ ክንዴን ጭምቅ አድርጎ እንዲይዝ የተሠራ ጠባብ እጅጌ ነው። በባዶ እጅ ሲስቡት ያዳልጣል። ጓንቱ ግን ቆንጠጥ አድርጎ ይይዝልኛል። ከእጅ አንጓዬ ጀምሬ ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ እየሳብኩ፣ ክርኔ ላይ እንዳይጨማደድ እያቃናሁ፣ ብብቴ ሥር አደርሰዋለሁ። አራት ደቂቃ። መጀመሪያ ሰሞን ሃያ ደቂቃና ለቅሶ ይፈጅብኝ ነበር።

የመጀመሪያው ስሊቤ ሳጥን ላይ «የቆዳ ቀለም» ይላል። የማን ቆዳ እንደሆነ አይናገርም። የኔ እንዳልሆነ ግን ከመንገድ ማዶ ይታያል። አሁን ጥቁር ነው የማዘው።

ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ሥራዬ ዋሽንግተን መሀል አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ ካሸርነት። በ2021 የጡት ካንሰር ተገኘብኝ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ሐኪም ቤቱ የለመደኝ በዚያ ነው)። ግራ ጡቴ ተነሳ፣ ከብብቴ 17 የሊምፍ ዕጢዎች ወጡ፣ ኬሞ ወሰድኩ፣ ጨረር ወሰድኩ። አለቀ ተባለ። ቤተሰብ ተሰበሰበ፣ ድፎ ተቆረሰ። ከጨረሩ ስምንት ወር በኋላ ለአንድ ሠርግ ስለባብስ አምባሬ ግራ እጄ ላይ አልገባም አለ። ወፍሬ ነው ብዬ ወደ ቀኝ አዞርኩት። በቀኝ ገባ። ያኔ ነው ልቤ የደነገጠው።

ነገሩ ሊምፍዴማ ይባላል። ደምን የሚገፋው ልብ ነው። ሊምፍ (ከሥጋችን መሀል ተሰብስቦ ወደ ደም የሚመለሰው ፈሳሽ) ግን እንደ ልብ ያለ ገፊ የለውም። የራሱ ቀጫጭን ቱቦዎች እየተኮማተሩ፣ ጡንቻ ሲንቀሳቀስ፣ ሰው በደንብ ሲተነፍስ ነው ቀስ እያለ የሚሄደው። የብብት ዕጢዎች ሲወጡ፣ የቀሩትን ደግሞ ጨረር ሲያገኛቸው፣ የክንዱ ፈሳሽ መውጫ ያጣል። ክረምት ላይ ቱቦ የተደፈነበትን መንገድ አስቡት። እብጠቱን የምታክምልኝ ቴራፒስት ክንዴን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ስትለቀው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ሁለታችንም ዝም ብለን ጉድጓዱ እስኪሞላ አየነው።

የጡት ካንሰር ከታከሙ ሴቶች ከአምስት አንዷ ገደማ ላይ ይመጣል። ዕጢ በብዛት ሲወጣ፣ ጨረር ሲጨመር፣ ክብደት ሲኖር ደግሞ ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህንን ከኦፕራሲዮኑ በፊት የነገረኝ አልነበረም። ወይም ነግረውኛል፣ እኔ «ካንሰር» ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

ካበጠ በኋላ የተሰጠኝን ወረቀት ግን አስታውሰዋለሁ። የክልከላ ወረቀት ነበር። ከባድ አታንሺ። አትጎትቺ። አትግፊ። ደጋግመሽ አትሥሪበት። እንቁላል የያዝኩ ይመስል ክንዴን ደረቴ ላይ አጥፌ መሄድ ጀመርኩ። ያኔ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። «እቀፊኝ» ስትለኝ ወለሉ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ እሷ ትመጣለች። ቆሜ ሳላቅፋት አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በኋላ እሷም ተወችው። እጇን ዘርግታ ወደ አባቷ ነበር የምትሮጠው። ይሄንን ስጽፍ አሁንም ጉሮሮዬን ያንቀኛል።

ክንዱ በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ አልቀነሰም። ጡንቻው ሟሸሸ፣ ትከሻዬ ተያዘ፣ እብጠቱ ግን እንዳለ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ለእማዬ ደውዬ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዝሆኔ ነው እንዴ?» አለችኝ። አጠገቧ ሰው ነበር መሰለኝ። የኛ አገር ሰው ዝሆኔን ያውቀዋል። ቀይ አፈር ላይ ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ የሄደ ገበሬ እግሩ ሲያብጥ ዘር ነው፣ እርግማን ነው ይባል ነበር። ለጋብቻም ይፈራ ነበር። ነገሩ ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው አፈር ውስጥ ያለ ደቃቅ ነገር በእግር ቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቱቦዎችን ስለሚጎዳ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራል። የኔ መንስኤ ሌላ ነው። መንገዱ የተዘጋው ግን ያው ሊምፍ ነው።

እማዬ በመጀመሪያ ለሰው እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ። ቀጥላ ዋግምት እንድደረግ መከረችኝ። መጥፎው ደም ይውጣልሽ ነው ነገሩ። «እማዬ፣ ይሄ ክንድ ምላጭ እንዲነካው አልፈልግም» አልኳት። ለዚህ ክንድ ትንሽ ጭረት እንኳ የጀርም በር ናት። ተቀየመችኝ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሷ ደወለች። እግራቸው ያበጠ ጎረቤታችን አሉ። እሳቸውን ሄዳ ጠይቃ ነው። «ጠዋት ማታ በሳሙና ይታጠባሉ፣ በጣቶቻቸው መሀል ሳይቀር ያደርቃሉ፣ ቅባት ይቀባሉ፣ በጨርቅ ይጠቀልላሉ፣ ጫማ ያደርጋሉ፣ ሲቀመጡ ከፍ ያደርጉታል። ቁስሉም ሽታውም ጠፍቶላቸዋል። አንቺስ ምን እያደረግሽ ነው?» ሳቄ መጣ። ያንኑ ነዋ። ቴራፒስቷ የምታዘኝን ከደብረ ማርቆስ ደግማ ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእማዬ ጋር ስለ ክንዴ ማውራት ቀለለኝ። የኔ ክንድና የጎረቤታችን እግር በአንድ ስልክ ይጠየቃሉ።

አሁን ስለ አንዲት ኮች ላውራ።

በ2024 መጨረሻ ላይ የምታከምበት ቦታ ካንሰር ታክመው ለጨረሱ ሰዎች «ሄልዝ ኮች» እንመድባለን አለ። በነፃ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ግማሽ ሰዓት በቪዲዮ። ባለቤቴ «ለየትኛው ክለብ ፈረምሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ልዩነቱን ላስረዳ። ሊምፍዴማ ቴራፒስት ሌላ ናት። በሙያዋ ላይ ቢያንስ 135 ሰዓት የተለየ ሥልጠና ወስዳ ፈሳሹን በእጇ የምትገፋ፣ የምትጠቀልል፣ ስሊቡን የምትለካ እሷ ናት። ኮች አትነካሽም። መድኃኒት አታዝም፣ ምርመራ አታነብም። ሐኪሙና ቴራፒስቷ አድርጊ ያሉሽን ነገር ከኑሮሽ ጋር የምታስማማልሽ ናት ልበል።

መጀመሪያ በጣም አናደደችኝ። የኛን ሰው ታውቃላችሁ። ታመምኩ ካልክ ምክሩ ይዘንባል። ተልባ ጠጪ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የእከሌ ጸበል፣ ሥጋ ተዪ፣ ሥጋ ብዪ። እኔም የፈረንጅ ምክር ልሰማ ተዘጋጅቼ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ ግን ትጠይቃለች እንጂ አትመክርም።

«በዚህ ክንድ ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?»

«እንዳያብጥ ነው የምፈልገው።»

«እሱን ጻፍኩት። ግን ክንዱ ደህና ቢሆን ምን ትሠሪበት ነበር?»

መልሱን ከእኔ ልትሰማ ነው እንዴ የምትከፈለው? አልኩ በሆዴ። ከዚያ ሳላስበው «ለስቅለት መስገድ» አልኳት። ልጄን ማቀፍ ማለት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። እሱን ለመናገር ገና አልደፈርኩም ነበር። ስግደቱ ቀደመ። ሦስት ስቅለት ወንበር ላይ ተቀምጬ አሳልፌ ነበር። እናቶች፣ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፣ ከጎኔ ሲወድቁ ሲነሱ እኔ እጄን አጥፌ።

ስግደት ምን እንደሆነ አታውቅም። «አሳዪኝ» አለች። ስልኩን የልጄ መጫወቻ ሳጥን ላይ አስደገፍኩ፣ ምንጣፉ ላይ ቆምኩ። አማተብኩ። ተንበረከኩ። ቀኝ እጄን መሬት አሳረፍኩ፣ ግራዬን... ግራዬን አየር ላይ አንጠልጥዬው ግንባሬን አስነካሁ። ስነሳ ተንገዳገድኩና ሶፋውን ያዝኩ።

«ግራ እጅሽ የት ነበር?»

«እንዳይጎዳብኝ።»

«እስኪ አንዴ በቀስታ ድገሚው። በደህናው ጊዜ እንዴት እንደነበረ ብቻ ልየው። ክብደት አትጣይበት።»

ደገምኩት። መዳፌን ዘረጋሁ፣ ክርኔ ታጠፈ፣ ትከሻዬ ወረደ። እሷ አጎንብሳ ስክሪኑን እያየች ትጽፋለች።

«በዚያ ቀን ስንት ጊዜ ነው የሚሰገደው?»

«ስቅለት ዕለት? ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ሰው ቁጥሩን አይዘውም።»

ለአፍታ ዝም አለች። «እሺ» አለች ከዚያ። «ከቁጥር እንጀምር እንግዲህ።»

ስለ አንድ ጥናት የነገረችኝ ያን ቀን ነው። በ2009 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ነው። እንደኔ ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶች ናቸው የተሳተፉት። ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። ስሊባቸውን ለብሰው፣ ሰው እየተከታተላቸው፣ ከትንሽ ጀምረው ቀስ በቀስ እየጨመሩ። ከዓመት በኋላ ክንዳቸው ካላነሱት ሴቶች ክንድ ይበልጥ አላበጠም። ይባስ ብሎ (ይባስ ነው ወይ ይሻል የሚባለው?) እብጠቱ ድንገት የተነሳባቸው ከማያነሱት በግማሽ ገደማ ያነሱ ነበሩ። 2009! እኔ ያንን ወረቀት የተሰጠኝ በ2022 ነው። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ክፉ አልነበረም፣ ድሮ የተማረውን ነው የጻፈው። ግን የልጄ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በዚያ ወረቀት ሄዷል።

ኮቿ ወዲያው ስገጂ አላለችም። መጀመሪያ ቴራፒስቷ ጋ ላከችኝ። ስሊቡ ተለካ፣ ትከሻዬ ታየ፣ ፈቃድ ተሰጠ። ከዚያ ጀመርኩ። አንድ ፓውንድ ምስር በከረጢቱ እያነሳሁ፤ ዱምቤል መግዛት አስጠላኝ። ስግደቱን ደግሞ ከወለል ሳይሆን ከአልጋ ጫፍ ነው የጀመርኩት። እጄን አልጋው ላይ አሳርፌ ሦስት ጊዜ። ስድስት ስደርስ ወደ ሶፋው ዝቅ አልኩ። ከዚያ ወደ ልጄ መጫወቻ ሳጥን። በየእሁዱ በልብስ ሰፊ ሜትር ክንዴን ሦስት ቦታ እለካለሁ፦ አንጓዬን፣ ከክርኔ በታች፣ ከክርኔ በላይ። ደንቡ ኮቿ ከእኔ ጋር ተስማምታ ያወጣችው ነው። ቁጥሩ ከጨመረ ወይም ክንዴ ከብዶኝ ካደረና በነጋታውም ካልለቀቀኝ አንድ ደረጃ መመለስ። መመለስ ሽንፈት አይደለም ትላለች። ለእኔ ትንሽ ሽንፈት ነበር።

በጣም የወደድኩት ግን ቅዳሜና እሁድ ስግደት እንደሌለ ስነግራት ነው። በዓል ከሆነም የለም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሃምሳ ቀን የለም። ዓይኗ በራ። «ዕረፍቱን አስቀድመው አስገብተውበታል!» አለች። አባቶቻችን ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ።

ሥራ ቦታም ነካካችው። በቀን ስንት መኪና? የትኛው እጅ ነው በመስኮት የሚወጣው? ወንበሩን አዞርኩት፣ አሁን ቀኜ ነው ካርድ የሚቀበለው። መኪና በሌለበት ሰዓት ከሆዴ አምስት ጊዜ እተነፍሳለሁ፣ ግራ እጄን ጨብጬ እፈታለሁ። አለቃዬ አንድ ቀን አይቶኝ «ከማን ጋር ልትጣዪ ነው?» አለኝ።

በጃንዋሪ ግን ወደቅኩ። ለገና እንጀራ ስጋግር፣ ስሊቡን አውልቄ ነበር፣ የምጣዱ ጠርዝ ግራ ክንዴን ላፈኝ። የጣት ጥፍር የምታክል ቃጠሎ። ውኃ አፈሰስኩባት፣ ረሳኋት። በማግስቱ ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ለእማዬ ደወልኩ። «ምች ነው፣ ዳማከሴ አሽተሽ ጠጪ።» ሜሪላንድ በጃንዋሪ ዳማከሴ ከየት ይምጣ። የኮቿ ቀጠሮ በአጋጣሚ ያን ምሽት ነበርና ስልኩን ከፈትኩ። ክንዴ ቀልቷል፣ ይፋጃል፣ ቅላቱ ወደ ላይ እየሄደ ነው። አይታው ድምጿ ተለወጠ። «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል። ማነው የሚነዳልሽ?» ባለቤቴን ራሷ አናገረችው፣ ከቤት መውጣታችንን ስታረጋግጥ ዘጋች። ሴሉላይተስ ነበር፣ ጀርም ከቆዳ ሥር ገብቶ የሚያመጣው ኢንፌክሽን። ሁለት ሌሊት በደም ሥር አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። እንዲህ ያለ ክንድ ላይ ቅላት፣ ሙቀትና ብርድ ብርድ ማለት አንድ ላይ ከመጡ እስኪነጋ አይጠበቅም። ይቺን ለእህቶቻችሁ ንገሩልኝ።

ስወጣ ደረጃዬ ወለል ላይ ዘጠኝ የነበረው ወደ አልጋው ጫፍ ሦስት ተመለሰ። አለቀስኩ። ምስሩን አነሳሁ።

ሁዳዴ የገባው ፌብሩዋሪ 24 ነበር። ስለ ጾሙ ኮቿ ጠየቀችኝ፣ አስረዳኋት፣ ስንት ሰዓት እንደምበላ ጻፈች። ስሊብ ለብሶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ስለመቆየት ከሐኪሜ ጋር እንድነጋገር አደረገች። ሽሮዬ ላይ ጨው ቀነስኩ። ባለቤቴ ተነጫነጨ፣ ከዚያ ለመደ። በነገራችን ላይ ማታ ማታ የሚጠቀልልኝ እሱ ነው። ስፖንጁን፣ ከዚያ ፋሻውን፣ ከጣቶቼ ጀምሮ። መጀመሪያ እንደ ጋቢ ነበር የሚጠመጥመው፤ አሁን ከነርስ ይሻላል። ሆሳዕና ሳምንት 41 ደረስኩ። ወለል ላይ። በሁለት እጄ።

ኤፕሪል 18፣ ስቅለት። ከኋላ ግድግዳው ጋ ቦታ ያዝኩ። ጥቁሩ ስሊብ ከነጭ ቀሚሴ እጅጌ ሥር። ኪርያላይሶን ሲጀመር ልቤ ደነገጠ፣ ሠርግ ቀን እንዲህ አልደነገጠም። አንድ። መዳፌ ምንጣፉን ነካ። ሁለት። ቆጠርኩ፣ ኃጢአት ይሁን አይሁን አላውቅም። 41 ላይ ቆምኩና ተቀመጥኩ። ከፊቴ ያሉት እናቶች አልቆሙም። ከቀትር በኋላ ሃያ ጨመርኩ። ማታ በወይራው ስንጠበጠብ ካህኑ የምሰግደውን ቁጥር ሰጡኝ። «አባቴ፣ ክንዴ ሕመም አለበት፣ ባንድ ቀን አልጨርሰውም» አልኳቸው። «ማን ባንድ ቀን አለሽ፣ ልጄ» አሉና ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።

ሌሊት ለካሁት። ከክርኔ በታች ግማሽ ሴንቲ ጨምሯል። ባለቤቴ ጠቀለለኝ። ለፋሲካ ንጋት ወደነበረበት ተመልሷል። ልጄ ዶሮውን እያየች ሸተተኝ ስትል ሳላስበው አንስቼ ወገቤ ላይ አደረግኳት። አምስት ዓመቷ ነው፣ እግሯ ጉልበቴ ይደርሳል። «ከበድኩሽ?» አለችኝ። በጣም ከብዳኛለች።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ተሰማና አንዳንድ ሴቶች ይደውሉልኛል። ኮች አይደለሁም፣ ሥልጠናውን አልወሰድኩም፣ ይሄንን በመጀመሪያው ደቂቃ እናገራለሁ። አንዷ 71 ዓመታቸው ነው፣ እትዬ ነው የምላቸው። የሳቸውም ግራው ነው። አንዲት ስሊብ ሁለት ዓመት ለብሰዋታል፣ እንደ አሮጌ ካልሲ ላልታለች። ውድ ስለሆነች ነው። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በተለይ ለአረጋውያን የሚሰጠው የሕክምና መድን) ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ እንደሚሸፍን፣ ለአንድ ክንድ በየስድስት ወሩ ሦስት የቀን ስሊብ እንደሚፈቅድ ማንም አልነገራቸውም። ሕጉ የወጣው በ2022 መጨረሻ ነው። ወረቀቱን አብረን ሞላን፣ አዲሷ መጣች። ጓንቱንም ገዛሁላቸው።

ባለፈው ሳምንት ያቺን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ በዚህ ክንድ ምን መሥራት ነው የሚፈልጉት?»

ረጅም ዝምታ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«መፍተል» አሉ። «ለልጅ ልጄ ጋቢ። ክሩን ወደ ላይ መሳቢያው ግራ እጅ አይደል። ይሄ ከመጣብኝ ወዲህ ከደረቴ አልፎ አይነሳም።»

ለቴራፒስታቸው እንዲናገሩ ተስማምተናል። እስከዚያ ያለ ጥጥ፣ ባዶ እጃቸውን ቀን አምስት ጊዜ እስከሚችሉበት ድረስ ያነሳሉ፣ እኔ እሁድ እሁድ ደውዬ ስንት እንደደረሱ እጠይቃለሁ። ትናንት ከትከሻ ደርሷል። ባዘቶው ተገኝቷል። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትን የሐበሻ ሱቆች ግን ዞሬ ጨረስኳቸው፣ ጀበና እንደ ጉድ አለ፣ እንዝርት የለም። ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ አንድ እንዝርት ብታስመጡልኝ።